አንድ በመቶ ስንት ብር ነው?

የሥራ ጉዳይ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ። ኮምቦልቻ፣ አንድ የብረታ ብረት ድርጅት ውስጥ ላሜራ መቁረጫ ማሽን ላይ ነው የምሠራው። ኅዳር መጨረሻ ላይ የሌሊት ፈረቃ ገብቼ ማሽኑ የግራ እጄን ሌባ ጣትና መሃል ጣት ወሰደብኝ። ሌባ ጣቴ ከሥሩ ነው የሄደው፣ መሃሉ ከሁለተኛው አንጓ። ማሽኑ ድሮ መከለያ ነበረው፤ ሥራ ያዘገያል ብሎ የፈረቃ ኃላፊው ካስፈታው ቆይቷል። የመጀመሪያውን ወር ደመወዜን ሙሉውን 6,000 ብር ከፈሉኝ። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ወር ግማሽ ግማሽ ሰጡኝ። ከዚያ ወዲህ ምንም የለም፤ ይኸው አምስት ወር ሞላኝ። ሐኪሙም ገና ሥራ ጀምር አላለኝም። ለመድኃኒትና ለፋሻ ከኪሴ 3,800 ብር አውጥቻለሁ፣ ደረሰኝ አለኝ። ለጡረታ እየተባለ በየወሩ 420 ብር ይቆረጥብኝ ነበር፤ መለያ ቁጥር ግን ሰጥተውኝ አያውቁም። በቀደም ሥራ አስኪያጁ አስጠርቶ «ጥፋቱ የራስህ ቸልተኝነት ነው፤ ስለምናዝንልህ ግን 40,000 ብር እንስጥህ» አለኝና «ከእንግዲህ ምንም ዓይነት ጥያቄ የለኝም» የሚል ወረቀት አቀረበልኝ። ላስብበት ብዬ ወጣሁ። እናቴ ተቀበልና ይለፍ ትለኛለች። ለመሆኑ የሚገባኝ ስንት ነው? — ከኮምቦልቻ

መልስ፦ አብሽር ልጄ። አለመፈረምህ ትልቅ ነገር ነው። እናትህንም አልፈርድባቸውም፤ አምስት ወር ከሥራ ውጪ የተቀመጠ ልጅ ቤት ውስጥ እያዩ 40,000 ብር ይቅር ማለት ከባድ ነው። ግን ቁጥሩን እንየው።

ደብዳቤህን ሳነብ መጀመሪያ ዓይኔን የያዘው ጣትህ አይደለም፣ ደመወዝህ ነው። አንድ ወር ሙሉ፣ ሁለት ወር ግማሽ፣ ከዚያ ባዶ። ይህን አከፋፈል ጡረታ እስክወጣ ድረስ በሥራ ሁኔታ ቁጥጥር ላይ ስለነበርኩ ከሩቅ አውቀዋለሁ፤ የተራ ሕመም ፈቃድ አከፋፈል ነው። አንድ ሠራተኛ ወባ ወይም ታይፎይድ ይዞት ቢተኛ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ የሚሰጠው ይህንኑ ነው፦ የመጀመሪያውን ወር ሙሉ፣ ቀጣዮቹን ሁለት ወራት ግማሽ፣ ከዚያ በኋላ ያሉትን ሦስት ወራት ያለ ክፍያ። ፐርሶኔል ክፍሉ አንተን «ታሟል» ብሎ ነው የመዘገበህ ማለት ነው። የየካቲትን የደመወዝ መክፈያ ቅጽ ኮፒ ብትጠይቅ ከስምህ አጠገብ «ሕመም ፈቃድ» ተብሎ ተጽፎ ብታገኘው አይግረምህ። አውቀው ይሁን ሳያውቁ፣ ኪስህ ውስጥ የሚያደርሰው ጉዳት ያው ነው።

አንተ ግን አልታመምክም፤ ሥራ ላይ ነው የተጎዳኸው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ሥራ ላይ የተጎዳ ሠራተኛ መሥራት ሳይችል በሚቆይበት ጊዜ፣ ከአንድ ዓመት ላልበለጠ ጊዜ፣ እንዲህ ይከፈለዋል፦ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹን ሦስት ወራት ከ75 በመቶ ሳያንስ፣ የቀሩትን ስድስት ወራት ከ50 በመቶ ሳያንስ። ስሌቱ የሚያዘው በዓመቱ አማካይ ደመወዝህ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ 6,000 ብር ላይ ከነበርክ 6,000 በለው። የትርፍ ሰዓት፣ የትራንስፖርትና የማበረታቻ ክፍያ ደመወዝ ተብሎ አይቆጠርምና እሱን አትደምር። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው ተስፋውን ከልክ በላይ የሚያስረዝመው።

እንግዲህ ሦስት ወር በ6,000 ሲሆን 18,000 ብር። መጋቢትና ሚያዝያ በ75 በመቶ 4,500፣ 4,500፤ 9,000 ብር። በድምሩ 27,000። የተከፈለህ 6,000 እና ሁለት ጊዜ 3,000፣ ማለትም 12,000 ብር ነው። ስለዚህ እስከ ዛሬ ብቻ 15,000 ብር ቀሪ አለህ፤ ሐኪም ሥራ ጀምር እስኪልህ ወይም የዘለቄታ ጉዳት ክፍያህ እስኪወሰን ድረስም ይቀጥላል። በዚህ ላይ የሕክምናውን 3,800 ብር ጨምር። ሕክምናው፣ መድኃኒቱ፣ አስፈላጊ ከሆነም ሰው ሠራሽ አካሉ በአሠሪው ወጪ ነው። ድምር 18,800 ብር። ይህ ገና ለጣቶችህ አንድም ሳንቲም ሳይታሰብ ነው።

አሁን ወደ ጣቶችህ። ለሁለት ጣት ስንት በመቶ ይሰጣል የሚለውን ከእኔም ሆነ ከጎረቤት አትውሰድ፤ ከሥራ አስኪያጁማ ጭራሽ። መቶኛውን የሚወስነው የሕክምና ቦርድ ነው፣ በተቻለ መጠንም ጉዳቱ በደረሰ በ12 ወር ውስጥ። ቁስሉ ሲደርቅልህ ከሚያክምህ ሆስፒታል የቦርድ ማስረጃ እንዲሰጥህ ጠይቅ። ቦርድ ፊት ስትቀርብ እጅህን ከማሳየት አልፈህ በዚህ እጅ ምን ትሠራ እንደነበር ተናገር፦ ላሜራውን በግራህ ደግፈህ በቀኝህ ትገፋ እንደነበር፣ አሁን ቁልፍ ማጥበቅ፣ ጆንያ ማንሳት፣ የሸሚዝ አዝራር መቆለፍ የሚያቅትህ እንደሆነ። ወንዶች ሐኪም ፊት «ደህና ነኝ» ማለት ይወዳሉ፤ እዚያ ደህና መሆን አይጠቅምህም። መቶኛው ከተወሰነ በኋላ ጉዳቱ ቢብስ ወይም መጀመሪያ በስሕተት ተመርምሮ ከሆነ እንደገና ሊታይ እንደሚችልም ያዝ።

መቶኛው ሳይወሰን ግምት መያዝ ይቻላል ወይ ካልክ፣ ይቻላል። አንድ በመቶ ለአንተ ስንት ብር እንደሆነ አውጣ፤ ቦርዱ የፈለገውን ቁጥር ቢሰጥ ማባዛት ብቻ ነው የሚቀርህ። ችግሩ ይህች አንድ በመቶ እንደ ጡረታ ሁኔታህ ሁለት ዋጋ አላት።

የጡረታ ሕግ የማይሸፍነው ሠራተኛ ከሆንክ አሠሪው ነው የሚከፍልህ። ለሙሉ ዘላቂ ጉዳት የዓመት ደመወዝህ አምስት እጥፍ፣ ከዚያ በታች ለሆነ ጉዳት በመቶኛው ልክ። የዓመት ደመወዝህ 72,000፣ አምስት እጥፉ 360,000፤ አንድ በመቶ 3,600 ብር ነው። በአጭሩ የዓመት ደመወዝን ለ20 ማካፈል ነው።

የጡረታ ሕጉ የሚሸፍንህ ከሆነ ደግሞ የምትጠይቀው የግል ድርጅት ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትናን ነው። መሥራት ጨርሶ ያልተሳነው ሠራተኛ ጉዳቱ ከ10 በመቶ ካላነሰ የአንድ ጊዜ ዳረጎት ይሰጠዋል፦ ከጉዳቱ በፊት ከነበረው የወር ደመወዙ 47 በመቶ ተወስዶ፣ በ60 ወር ተባዝቶ፣ በጉዳቱ መቶኛ። በአንተ ሲሰላ 47 በመቶው 2,820 ብር፣ በ60 ወር 169,200፤ አንድ በመቶ 1,692 ብር ይሆናል። ከግማሽ በታች! ቦርዱ 15 በመቶ ቢልህ በአንደኛው መንገድ 54,000፣ በሁለተኛው 25,380 ብር። 20 በመቶ ቢል 72,000 ወይም 33,840። በሥርዓት ጡረታ ሲከፈልለት የኖረው ሠራተኛ ለተመሳሳይ ጣት ያነሰ ማግኘቱ ለእኔ መቼም ተውጦልኝ አያውቅም። እርግጥ መሥራት ጨርሶ ለተሳነው ሰው የጡረታው መንገድ በየወሩ አበል ስላለው ይሻላል፤ ጣቱን ላጣ ወጣት ግን ስስታም ሕግ ነው። የሠራተኛ ማኅበር ካላችሁ የኅብረት ስምምነቱን አገላብጥ፤ አንዳንዱ ከዚህ የተሻለ ነገር አስገብቷል።

ታዲያ አንተ የትኛው ነህ? 420 ብር የ6,000 ብር 7 በመቶ ነው፣ ልክ የሠራተኛው የጡረታ መዋጮ። አሠሪው ከራሱ 11 በመቶ፣ 660 ብር ጨምሮ በየወሩ ማስገባት ነበረበት። ማስገባቱን የሚነግርህ ግን የድርጅቱ ገንዘብ ያዥ አይደለም። መታወቂያህን ይዘህ ራስህ ማኅበራዊ ዋስትና ቅርንጫፍ ሂድና በስምህ መለያ ቁጥር መኖሩን፣ መዋጮውም እስከ ኅዳር መግባቱን ጠይቅ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህ ጥርጣሬ ነው፣ እንደ ማስረጃ አትያዘው። የጡረታህ መዋጮ በትክክል ሲገባ ከኖረ፣ ድርጅቱ ከኪሱ የሚፈለግበት ያ 18,800 ብር ነው፤ የጣትህን ዳረጎት የሚከፍለው ማኅበራዊ ዋስትና ነው። 18,800 ያለበት ሰው በገዛ እጁ 40,000 ለምን ይዘረጋል? ደግ ሰው ሊሆን ይችላል። ወይም መዋጮው አልገባም፣ ወይም ስለ መከለያው የሚፈራው ነገር አለ። መዋጮው ካልገባ 40,000 ላይ 18,800ውን ቀንሰህ ለጣትህ የሚቀረው 21,200 ብር ነው፤ በ3,600 ስታካፍለው ስድስት በመቶ እንኳ አይሞላም።

«ቸልተኝነትህ ነው» ያለህን እርሳው። ሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው። የሚያመልጠው ሠራተኛው ራሱን ሆን ብሎ ከጎዳ ነው፤ ለምሳሌ በግልጽ የተሰጠን የደኅንነት ትእዛዝ ጥሶ፣ ወይም ሰውነቱንና አእምሮውን መቆጣጠር እስኪያቅተው ሰክሮ ገብቶ ከሆነ። እንቅልፍ ማንጎላጀት፣ መቸኮል፣ መዘንጋት በዚህ ውስጥ አይገቡም። ያንተ ጉዳይ ደግሞ ተገልብጦ የተቀመጠ ነው፤ መከለያውን ያስፈታው የፈረቃ ኃላፊው ነው። በሥራ ዘመኔ የተፈታ መከለያ ግድግዳ ተደግፎ፣ ብሎኖቹ በቆርቆሮ ጣሳ ተጠራቅመው፣ አቧራ ጠጥቶ ያላየሁበት ወርክሾፕ ጥቂት ነው። አደጋ ሲደርስ በማግስቱ ተመልሶ ይታሰራል። ስለዚህ መከለያው ሳይኖር ከአንተ ጋር የሠሩ ሁለት ሦስት ልጆችን ስም አሁኑኑ ጻፍ፤ በስልካችሁ ማሽኑ አጠገብ የተነሣችሁት ፎቶ ካለ አታጥፋው። ጉዳቱ በአሠሪው ጥፋት የደረሰ ከሆነ ከላይ ካሰላነው ውጪ በሌላ ሕግ ካሳ የመጠየቅ መብትህን አዋጁ ራሱ ጠብቆልሃል። ያ በፍትሐ ብሔር ሕጉ፣ ከውል ውጭ በሚደርስ ኃላፊነት የሚሄድ ክርክር ነው፤ ጥፋትን ማስረዳት ስለሚጠይቅ ጠበቃ ይዘህ ግባበት፤ የሁለት ዓመት ይርጋ (ካለፈ መጠየቅ የማይቻልበት የጊዜ ገደብ) አለው።

አሁን ምን ታደርጋለህ? ለድርጅቱ በጽሑፍ፣ «የሥራ ላይ ጉዳት ሆኖ ሳለ እንደ ሕመም ፈቃድ ስለተያዘብኝ ቀሪ 15,000 ብርና የሕክምና ወጪ 3,800 ብር ይከፈለኝ» ብለህ አመልክት፤ ቀሪው ኮፒ ላይ የመዝገብ ቤቱን ማኅተም አስደርግ። ጎን ለጎን የሥራና ሥልጠና ጽሕፈት ቤት ሂድና አደጋው ተመዝግቦ ለሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ ሪፖርት መደረጉን ጠይቅ፤ አሠሪው ይህን የማድረግ ግዴታ አለበት። ካልተከፈለህ የወረዳ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት አለልህ። ሠራተኛ የዳኝነት አይከፍልም፣ ችሎቱም በ60 ቀን ውስጥ እንዲወስን ነው ሕጉ የሚለው። የጡረታህ ነገር እስኪጠራ ድረስ ክሱን በአማራጭ ጻፈው፦ መዋጮው ገብቶ ከሆነ እንዲህ፣ ካልገባ ድርጅቱ የአምስት ዓመቱን ስሌት ይክፈል ብለህ። የጉዳት ክፍያው የአንድ ዓመት ይርጋ እንዳለው አስብ፤ ለደመወዝና መሰል ክፍያዎች ግን ይርጋው ስድስት ወር ስለሆነ ቀሪውን 15,000 ብር ሳታዘገይ ጠይቅ። የጉዳት ክፍያው ከመቼ ይቆጠራል የሚለው ራሱ ያከራክራል፤ አንተ ግን ከአደጋው ቀን ቁጠርና እስከ መስከረም ጨርስ።

ቤት ውስጥ የሚበላ ጠፍቶ ገንዘቡን መውሰድ ግድ ከሆነብህ፣ «ከሚገባኝ የሥራ ላይ ጉዳት ክፍያ ውስጥ በከፊል የተቀበልኩት» ብለህ ጽፈህ ፈርም። ይህን ካልፈቀዱ ምን ሊያስፈርሙህ እንደነበር ገባህ ማለት ነው። ደግሞም በከፊል መክፈላቸው በራሱ ዕዳውን ማመን ስለሆነ ይርጋውን ያቋርጥልሃል። ከዚህ ገንዘብ ላይ ግብር አይቆረጥም፤ ዕዳ አለብህ ተብሎም አይያዝም።

ጥያቄ፦ ግንበኛ ነኝ፤ ዕድሜዬ ሃምሳ አልፏል። ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ አካባቢ በሚሠራ ሕንፃ ላይ ከመወጣጫው እንጨት ወድቄ እግሬ ተሰብሮ ከተኛሁ ሁለት ወር ሆነኝ። ሥራ ተቋራጩ «አንተ የቀን ሠራተኛ ነህ፣ ውል የለንም፣ የቀጠረህን ፎርማን ጠይቅ» አለኝ። በቀን 500 ብር ነበር የሚከፈለኝ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ፎርማኑ በቴሌብር ይልክልኛል። ምን መብት አለኝ? — ከደሴ

መልስ፦ እግዜር ይማርዎት አባቴ። ውል የግድ በወረቀት መሆን የለበትም፤ በቃልም ውል ነው። የጽሑፍ ውል ከሌለ እንዲያውም ውሉ ከተደረገ በ15 ቀን ውስጥ የሥራውን ሁኔታ የሚገልጽ ደብዳቤ መስጠት የነበረበት አሠሪው ነው፤ ያንን አልሰጠሁም ብሎ እርስዎ ላይ መከራከሪያ ሊያደርገው አይችልም። ፎርማኑ የሚቀጥረው ለተቋራጩ ነው። በመሃል ንዑስ ተቋራጭ ካለ ሁለቱንም በክሱ ይጥሯቸው፤ እርስ በርሳቸው ይገፋፉ።

ትልቁ ማስረጃዎ ስልክዎ ነው። የቴሌብሩ መልእክት በየቅዳሜው ስንት እንደገባልዎ ቀኑን ጠርቶ ይናገራል። ስልኩ ሳይጠፋ ወይም ሳይሸጥ ልጆችዎ መልእክቶቹን ፎቶ አንሥተው፣ አሳትመው ያስቀምጡልዎ።

ስሌቱ ከላይ ለወጣቱ እንዳልኩት ነው፤ ልዩነቱ የእርስዎ ደመወዝ ወጣ ገባ መሆኑ ነው። በወር 26 ቀን ሲሠሩ 13,000 ብር ይመጣል፤ ግን የደሴ ክረምት ግንባታ ያስቆማልና ዓመቱን ሙሉ አልሠሩ ይሆናል። አሥር ወር ሠርተው ከሆነ የዓመቱ 130,000 ብር ነው፤ በ12 ሲካፈል በወር ወደ 10,833 ብር ይጠጋል፣ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የሚጠይቁት እሱን ነው። ጡረታ ካልተከፈለልዎ ደግሞ አንድ በመቶ ለእርስዎ 6,500 ብር ነው። ተቋራጩ በ13,000 እንዳይሰላ ይከራከራል፤ እርስዎም ስድስት ወር ብቻ ነው የሠራው እንዳይል የቴሌብሩን ዝርዝር ያቅርቡ። እግርዎ ሲጠገን አጥሮ ወይም ተጣሞ ቢቀር ቦርድ ሳይቀርቡ ጉዳዩን አይዝጉ። ፊት ወይም አካል ላይ ከባድ የመልክ መበላሸት የሚያስከትል ጉዳት መሥራት ባይከለክልም እንኳ እንደ ዘላቂ ጉዳት ይቆጠራል፤ ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም።

ጥያቄ፦ እኅቴ ደሴ እየኖረች ኮምቦልቻ ፋብሪካ ነው የምትሠራው። ጠዋት ስትሄድ ሐረጎ ላይ መኪናው ተገልብጦ ክንዷ ተሰበረ። ፋብሪካው «ግቢያችን ውስጥ አልደረሰም» ይላል። — ከደሴ

መልስ፦ እኅቴ፣ መልሱ በየትኛው መኪና ነበረች በሚለው ላይ ነው የሚንጠለጠለው። ፋብሪካው ሠራተኞቹን ለማመላለስ ያቀረበው ሰርቪስ ከሆነ፣ ወይም ለዚሁ ሥራ ብሎ የተከራየው ሚኒባስ ከሆነ፣ ሐረጎ ላይም ይሁን ሸዋ በር የሥራ ላይ አደጋ ነው፤ ግቢ ውስጥ መድረስ አያስፈልገውም። በራሷ ከፍላ በተሳፈረችበት የሕዝብ ታክሲ ከሆነ ግን በዚህ በኩል አይሄድም፤ መጠየቅ ያለባት የመኪናውን ባለቤትና የሦስተኛ ወገን መድን የሰጠውን ድርጅት ነው። አንዳንድ ፋብሪካ ሚኒባስ በወር ተከራይቶ ውሉን በሹፌሩ ስም ብቻ ያስቀምጠዋል። እንዲህ ከሆነ በዚያ መኪና ዘወትር የሚሄዱትን ባልደረቦቿን አስቆጥሪ፤ በየወሩ ለሹፌሩ የሚከፍለው ማን እንደሆነም ከሹፌሩ አፍ ሌላ ሰው ባለበት ስሚ።